የሰው ቤት ውሃ

«ውሃ ይጠጡ» አለችኝ ባለመድኃኒት ቤቷ።

ከቦርሳዋ የታሸገ ውሃ አውጥታ፣ ክዳኑን ራሷ ከፍታ ዘረጋችልኝ። ጉሮሮዬ ደርቆ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣብቋል።

«ኧረ ይተዉት፤ አልጠማኝም» አልኳት።

እጇ አየር ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጠርሙሱን በመሀላችን ባለው ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ፊቷን ወደ ሜዳው መለሰች። እኔም መለስኩ። እሷ አጥሩን ተደግፎ የቆመውን ልጇን ታያለች፤ እኔ መነሻው መስመር አጠገብ እግሯን የምታፍታታውን ልጄን አያለሁ። ልጆቹ ግን እኛን አያዩም። እርስ በርሳቸው ነው የሚተያዩት፤ እሷ ቀና ስትል እሱ ያቀረቅራል፣ እሱ ቀና ሲል እሷ የጫማዋን ክር ትነካካለች።

እኔ ሰው ሲስቅ ልቅሶው የሚታየኝ ሴት ነኝ። ሲያካፋ ጎርፍ፣ ስልክ ሲጮህ መርዶ ነው የምጠብቀው። ያን ቀን ጠዋትም ከቤት ስንወጣ ልጄ ትወድቃለች፣ ጅማቷ ይበጠሳል፣ አውቶቡሳችን ይገለበጣል ብዬ ሁሉንም በየተራ አስቤ ጨርሼ ነበር። በኋላ የደረሰው ግን ካሰብኩት ውስጥ አልነበረም።

ያን ውሃ ለምን እንደገፋሁት እንዲገባችሁ ከሰፈራችን ቦኖ ልጀምር።

አባቷ የሞተብን ልጄ ገና ስትድህ ነው። ከዚያ ወዲህ የኖርነው በአንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የእግር ስፌት መኪና፣ መሀል ላይ መጋረጃ። ቀሚስ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። በኛ ሰፈር ቤቱ ውስጥ ቧንቧ ያለው ሰው እምብዛም ነው። ሁላችንም የምንቀዳው መንገዱ ጫፍ ካለው ቦኖ ነው። ውሃው ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። በመጣ ጊዜ የቀደመ ይቀዳል፤ የዘገየ ባዶ ጀሪካኑን እያንኳኳ ይመለሳል።

የኛ ዕድል ቧንቧው በመስኮታችን ስር ማለፉ ነበር። ውሃው ከመምጣቱ በፊት አየር ይቀድመዋል፤ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጉርር ይላል። ያን ድምፅ ከስፌት መኪናዬ ላይ ሆኜ ከሰፈሩ ሁሉ በፊት እሰማዋለሁ። ልጄን ጮኼ እንዳልጠራት ጎረቤት ይነቃል። ስለዚህ አጠገቤ የማስቀምጠውን ባዶ ጀሪካን በመዳፌ አንዴ እመታዋለሁ፤ ዱም። ልጄ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ትሁን፣ ደጅ ገመድ እየዘለለች ትሁን፣ ያን ስትሰማ ተስፈንጥራ መጥታ ጀሪካኑን ከእጄ ነጥቃ ትበራለች። ሌላው ሰው ነገሩ ሲገባው እሷ ቀድታ እየተመለሰች ነው።

«ይቺስ ፌንጣ ናት እንጂ የሰው ልጅ አይደለችም» አሉ ሴቶቹ። ፌንጣ ሆና ቀረች።

የስፖርት መምህሯም ያገኛት እዚያው ነው። ጀሪካን ይዛ ስትፈተለክ አይቷት ወደ ሜዳ ወሰዳት። «መቶ ሜትር ለሚሮጥ ሰው ጉልበት ብቻ አይበቃውም፤ ጆሮ ይፈልጋል» አላት። «አንቺ ይሄን ጆሮ ከየት አመጣሽው?»

«ከውሃ» አለችው።

የመጀመሪያ የመሮጫ ጫማዋ የሌላ ሰው ነበር። እግሯ ውስጡ ይዋኝ ስለነበር ከስፌቴ የተረፈ ቁርጥራጭ ጠቅጥቄ ሞላሁላት። አሸንፋ የመጣች ዕለት ጫማውን አውልቃ ከጣቶቿ መሀል የነጭ ሻሽ ብጣሽ ጎትታ አወጣች።

«እማዬ፣ ይሄ ደግሞ የማን ነው?»

«የአንዲት ሙሽራ ቬሎ ነው። ባሏ በወሩ ጥሏት ሄደ።»

«አይ እማዬ» አለች እየሳቀች፤ «አንቺኮ ከድልም ውስጥ ፍቺ ታወጫለሽ።»

ከቦኖው ፊት ለፊት ትልቁ ቤት አለ፤ ቁመታም የብረት በር፣ ጣሪያው ላይ ጥቁር የውሃ ታንከር። የባለመድኃኒት ቤቷ ነው። ውሃ ጠፍቶ በሰነበተበት አንድ ሰሞን ወንድ ልጇ በሩን ከፍቶ ወጣና ሰልፍ ላይ የቆመችውን ልጄን አናገራት።

«የኛ ቧንቧ ውሃ አለው» አላት። ከዚያ በፊት ሰላም ተባብለው እንኳ አያውቁም። ዓይኑን ከጀሪካኗ ላይ አላነሳም።

ልጄ ወደ መስኮታችን አየች። እኔ ‹አይሆንም› ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«የኛም ይመጣል» አለችው።

ቤት ስትገባ «ዛሬ ውሃ፣ ነገ ውለታ ነው» አልኳት። «የሰው ቤት ውሃ የጠጣ ሰው አንገቱ ቀና አይልም። ውሃ ሲወስድ ደግሞ አሳስቆ አሳስቆ ነው።» ዓይኗ ግን በመስኮቱ በኩል ያን በር ሲያይ አመሸ።

በማግስቱ ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው፤ ታንከሩ ጢም ብሎ ሞልቶ እያለ ጀሪካን ይዞ መጥቶ ቦኖው ጋ ተሰለፈ።

«ባለቧንቧው፣ የቤታችሁ ውሃ ሻገተ እንዴ?» አለችው አንዷ።

«እኔ እናንተ ቤት ልግባልህ፣ አንተ እዚህ ቁምልኝ» አለች ሌላዋ።

«ኧረ ተዉት፤ የጠማው ውሃ አይደለም» አሉ አንዲት አሮጊት፣ ሰልፉም በሳቅ ተናወጠ።

ጆሮው እስኪቀላ አፈረ፤ ግን አልሄደም። በሚቀጥለው ቀንም መጣ። ከልጄ ኋላ ይቆማል፤ እሷ ዞር ስትል ሰማይ ሰማይ ያያል። የቀዳውን ውሃ ወስዶ ግቢያቸው ያለው አትክልት ላይ ይደፋው ነበር አሉ። እናቱ አትክልቷ በበጋ እንዲህ መለምለሙ ግራ ገብቷት ነበር ይባላል።

ልጆቹ እዚያ ሰልፍ ላይ አደጉ ብል ይቀላል። እሱ ትምህርቱን ጨርሶ ከእናቱ ጋር መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ገባ። እሷ ከትምህርት ቤት ውድድር ወደ ክለብ፣ ከክለብ ወደ ትልልቅ ሜዳዎች ተሻገረች። አንዴ ጅማቷን ታማ ክለቡ ሊያሰናብታት ሲል አሰልጣኟ ብቻ «ቆዩ፣ ይቺ ልጅ ትነሳለች» ብሎ ያዘላት። እሱ በእነዚያ ወራት የሚቀባ መድኃኒት ይዞ በራችን ድረስ ይመጣ ነበር። እኔ ግን መድኃኒቱን ተቀብዬ በሩን እዘጋለሁ።

ከውድድሩ በፊት በነበረው ሳምንት ነው ደፍሮ የጠየቃት። እኔ ከመጋረጃው ኋላ የተበላሸ ዚፕ እፈታለሁ፤ እነሱ ደፉ ላይ ቆመዋል።

«ለእናቴ ነገርኳት» አላት።

«ምን አለች?»

«ዝም አለች።»

«ዝምታም መልስ ነው።»

«የናቴን ዝምታ አታውቂውም። እሷ የምታወራው ስትቆጣ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፌንጣዬ፣ ስንት ዘመን ተሰለፍኩ። አሁንም ተራዬ አልደረሰም?»

«አንተ ስለኔ ታስባለህ፤ እኔ ስለዚያ የብረት በር ነው የማስበው። ስገባበት ሰው ‹ከቦኖ አንስተው አገቧት› እንዲል አልፈልግም። ብሔራዊ ቡድን ከገባሁ ግን ደሞዝ አለኝ፣ ስምም አለኝ። ያኔ በገዛ እግሬ እገባለሁ።»

«ካልገባሽስ?»

ዝም አለች። የልጄን ዝምታ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ።

«ካልገባሁ ሰልፍ መያዝህን ተው» አለችው።

የዚፑ ጥርስ ጣቴን ነከሰኝ። ድምፁ የልጄ ነበር፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። እኔ ውሃ ብዬ የከለከልኳት ነገር እሷ ዘንድ አድጎ ትዳር ሆኖ ጠበቃት። ልጁ «ደህና እደሪ» ሳይል ሄደ። እሷ መጋረጃውን ገልጣ ገብታ ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ ጣለች። ፀጉሯን እየዳበስኩ እንኳ አንድ ደህና ቃል አልመጣልኝም።

እንግዲህ ያን ቀን ሜዳው ላይ የተቀመጥነው ይህን ሁሉ ይዘን ነው። ከሚሮጡት ሁሉ ለቡድኑ የሚመረጡት አንደኛና ሁለተኛ የወጡት ብቻ ናቸው። ባለመድኃኒት ቤቷ ሳትጠራ መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ፣ ‹መቼም ስትወድቅ ልታይ ነው› አልኩ በልቤ። ቦታችን የመጨረሻው ዝቅተኛ መደዳ ነው፤ መነሻው መስመር ከእግራችን ስር ያለ ያህል ይቀርባል። ጭኔ ላይ ከቤት ውሃ ይዤ የመጣሁባት ትንሿ ጀሪካን አለች። ከጭንቀቴ የተነሳ ሩጫው ሳይጀመር ጨርሻታለሁ።

«በቦታችሁ» አለ አስነሺው፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ።

ልጄ ተንበረከከች። ጣቶቿን መስመሩ ላይ ዘረጋች። ያን ሁሉ ሕዝብ ትንፋሽ ያጠረው መሰለኝ።

«ተዘጋጁ።»

ወገቧ ተነሳ። ዝንብ ቢያልፍ ይሰማል። በዚያች ቅጽበት ከመቀመጫችን ስር፣ ሣሩን የሚያጠጡበት ቧንቧ ነው መሰለኝ፣ ጉርር አለ።

እጄን ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም። ስንት ዓመት የለመደውን ነው ያደረገው። ጀሪካኗን መታት።

ዱም።

ልጄ በረረች። ብቻዋን። ሌሎቹ ተንበርክከው እሷ ግን መሙ ላይ ስትከንፍ አስነሺው ለማስቆም ተኮሰ። ቆመች። ዞረች። ያየችው ሽማግሌውን ሳይሆን እኔን ነው፤ እኔን፣ ከዚያ ጭኔ ላይ ያለችውን ጀሪካን። ወዲያው ደግሞ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች፤ ሰው ተከትሎ እንዳያየኝ።

ዳኛው ቀይ ካርድ አወጣ።

አሰልጣኟ እየሮጠ ደረሰ። «ከተመልካች በኩል ድምፅ ነበር፤ በውጭ ድምፅ ከተነሳች ጥፋቱ የሷ አይደለም። ሕጉን ታውቀዋለህ።»

ዳኛው ወደ ልጄ ዞረ። «ድምፅ ሰምተሽ ነው የተነሳሽው?»

«አይደለም» አለች ልጄ።

«ታዲያ ለምን ተነሳሽ?»

«ራሴ ነኝ። ቸኩዬ ነው።»

እያንዳንዷ ቃል እኔ ድረስ ተሰምታለች። ልጄ እኔን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በተለይ በዚህች ሴትዮ ፊት ላለማዋረድ የሕይወቷን ሩጫ ለቀቀች። ሩጫው ሲሄድ ልጁም አብሮ እንደሚሄድ ታውቃለች።

«ሰምታለች» የሚል ድምፅ ከአጥሩ በኩል መጣ። ባለቧንቧው ነው። አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦታል። «እኔም ሰምቻለሁ። ድምፁን አውቀዋለሁ።»

«አንተ ደግሞ ምኗ ነህ?» አለው ዳኛው።

ልጁ ልጄን አያት። እሷ አላየችውም።

«ምንም» አለ። «ገና ምንም አይደለሁም።»

ሰው ሳቀ። «እንግዲያው ምንም ሆነህ ቁም» አለው ዳኛውና ካርዱን ወደ ኪሱ መለሰ። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታ ልብሷን ወዳስቀመጠችበት ቅርጫት መራመድ ጀመረች። ትከሻዋ ሲወርድ ሳይ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራው የኖርኩት ቀን ይሄው መጣ አልኩ። በገዛ እጄ አመጣሁት።

‹ተነሺ› አልኩ ራሴን። ያኔ አንድ እጅ ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ያዘኝ። ባለመድኃኒት ቤቷ ናት። ልታስቀምጠኝ ነው፤ ለልጇ ስም ፈርታ ነው ብዬ ቀና ስል ለካ ቆማለች።

«ተነሺ» አለችኝ። እስከዚያች ሰዓት እርስዎ ነበር የምትለኝ።

«እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

«እኔን ተደገፊ።»

ደግፋ አቆመችኝ። ጀሪካኗን ከፍ አደረግኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ። መጀመሪያ ድምፄ አልወጣም፤ በሁለተኛው ወጣ። «ጀሪካን የመታሁት እኔ ነኝ። እናቷ ነኝ። ውሃ መጣ ብዬ ነው።»

«ምን መጣ?» አለ ዳኛው።

«ውሃ። እኛ ቤት ውሃ ሲመጣ እንዲህ እመታለሁ፣ እሷ ትሮጣለች። ከልጅነቷ ጀምሮ።»

«እናት ለልጇ ስትል የማትለው የለም» አለ ዳኛው እጁን እያወናጨፈ። አስነሺው ሽማግሌ ግን ኮፍያውን ገፋ አድርጎ አስተውሎ አየኝ።

«እስቲ አንዴ ይምቱት» አለኝ። «ለልጅቷ ሳይነግሩ።»

ልጄ ቅርጫቱ ጋ አጎንብሳ አንድ ጫማዋን አውልቃ ሁለተኛውን እየፈታች ነው። መታሁት።

ዱም።

ልጄ በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንድ እግሯ ካልሲ ተስፈንጥራ ወጣች። ካጎነበሰችበት ቀና ማለቷንም ያየ የለም፤ ሄዳለች። መሙ መሀል ስትደርስ ነው የት እንዳለች ትዝ ያላት። ቆመችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ያ ሁሉ ሕዝብ በሳቅ ፈነዳ። የምትፎካከራቸው ሯጮች እንኳ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሽማግሌው በኮፍያው አፉን ጋርዶ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«አንተ፣ እኔ ስንት ዘመን ሽጉጥ ይዤ እንዲህ የታዘዘችልኝ ሯጭ የለችም» አለው ለዳኛው።

አረንጓዴ ካርድ ወጣ። ሁሉም እንዳልሆነ ሆኖ ከመጀመሪያው ሊሮጥ ነው። ልጄ ያወለቀችውን ጫማ መልሳ አጠለቀች። ሽማግሌው ወደኔ መጥቶ እጁን ዘረጋ። «ጀሪካኗን ግን እኔ ጋ ያስቀምጡልኝ፣ እናቴ።»

ሰጠሁት። ከዚያ ሁለት እጆቼን ከጭኔ ስር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

ተኩሱ ሲሰማ ልጄ ዘገየች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉም ኋላ ተነሳች፤ ጆሮዋን አላመነችውም። አለቀ አልኩ። ዓይኔን ልጨፍን ስል ባለመድኃኒት ቤቷ «እያት፣ እያት፣ እያት» ትላለች፣ ለራሷ ነው የምትለው። አየሁ። ልጄ አንዷን አለፈች። ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ፣ እጆቿ አየሩን እየቀደዱ፣ ጀሪካን ይዛ ከሰፈር ጫፍ እንደምትመጣው መጣች። ሌላዋን አለፈች። መጨረሻው ላይ ሦስቱ አንድ ላይ ደረታቸውን ሰጡ፣ ማን ማንን እንደቀደመ ማንም አላወቀም። ሰሌዳው ላይ እስኪወጣ ድረስ እኔ ስለ አራተኛ፣ ስለ አምስተኛ አሰብኩ።

ሁለተኛ ወጣች። ገባች።

ባለመድኃኒት ቤቷ ታለቅሳለች። መነጽሯን አውልቃ በሻርፗ ትጠርገዋለች፣ መልሳ ታለቅስበታለች።

«ያንን ዱም የሚለውን ሰምቼው አላውቅም ብለሽ ነው?» አለችኝ። «ከበረንዳዬኮ ይሰማል። በተሰማ ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እወጣ ነበር፤ ስትቀድማቸው ለማየት። ልጄ ስለሷ ሲነግረኝ ዝም ያልኩት ለዚያ ነው። ምን ብዬ ልናገር፤ እኔ ከሱ በፊት ነው ያየኋት።»

ያን በረንዳ ስንት ጊዜ ቀና ብዬ አይቼዋለሁ፤ ቆማ ባየኋት ቁጥር ንቀት ነው የመሰለኝ።

ልጄ ጫማዎቿን አውልቃ ወደ አጥሩ መጣች። አንድ እግሯን ታነክሳለች፤ ካልሲዋ ተቀዷል። ባለቧንቧው ከቆመበት አልተነቃነቀም። በመሀላቸው አጥሩ አለ። ሁለቱም ያንኑ ሽቦ ይዘዋል፣ ጣቶቻቸው ግን አይነካኩም። አፏን ልትከፍት ብላ ቆመችና ወደኔ ቀና አለች። ያን ጊዜ፣ ገና ልጅ ሆና፣ ከሰልፉ ላይ ወደ መስኮቴ እንዳየችው ነው ያየችኝ።

ወንበሩ ላይ ያለው ጠርሙስ እንደተከፈተ ነው።

«ያን ውሃ ስጪኝ እስቲ» አልኳት ባለመድኃኒት ቤቷን። «ጠምቶኛል።»

ሰጠችኝ። ልጄ እያየችኝ ጠጣሁት። አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የጠጣሁት፤ ለካ ውሃ ሌላ አጠጣጥ የለውም። እስከ ጠብታው ጨረስኩትና ባዶውን ጠርሙስ ለልጄ አሳየኋት።

ሳቀች። እንባዋ በሳቋ ላይ ወረደ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞራ፣ ለማንም እንዳይሰማ በሚመስል ድምፅ፣ ለኔ ግን በደንብ በሚሰማ ድምፅ ጠየቀችው።

«የእናንተ ቧንቧ ዛሬ ውሃ አለው?»

ስንት ዘመን የተሰለፈ ልጅ ተራው ሲደርስ የሚለው ጠፋው። በአዎንታ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ነቀነቀ፣ ነቀነቀ፣ ማቆም አቃተው።

ልቤ እንደ ልማዱ ክፉውን ሊፈልግ ተነሳ። ሠርጉን አየ፣ ዝናብ አወረደበት፤ ቡድኑን አየ፣ ጅማት በጠሰበት። ግን እንደ ወትሮው አልቀናውም፤ ጥቂት ባክኖ ደክሞት ተቀመጠ። ከወንበራችን ስር ቧንቧው እንደገና ጉርር አለ። እጄ በባለመድኃኒት ቤቷ እጅ ውስጥ ነበር። ሞቆት እዚያው ቀረ።